ኩሊውን ተዉትና መጋዘኑን እዩ

ባለፈው ክረምት አንድ ልጅ ኮምፒውተሩን በጋቢ ጠቅልሎ፣ እንደ አራስ አቅፎ ቤቴ መጣ። ሰርግና ክርስትና እየቀረጸ ሌሊቱን ሲያቀናብር የሚያድር ልጅ ነው። ጋቢውን ሲገልጠው፣ በጎኑ መስታወት ውስጥ ሰማያዊ ውሃ የሞላባቸው፣ ማዕዘን ጠብቀው የታጠፉ ጠንካራ ቱቦዎች ብቅ አሉ። ያምራል፤ አልዋሽም። "ጋሼ፣ ቪዲዮ ኤክስፖርት ሳደርግ መቶ ዲግሪ ይገባና ይንቀራፈፋል" አለኝ። ቀጥሎም እንደ ተበደለ ሰው፣ "ውሃ አለው እኮ!" አለ።

ይህን ጽሑፍ ያጻፈችኝ ይህች "ውሃ አለው እኮ" ናት። የልጁ ብቻ አይደለችም። ፕሮሰሰራቸውን ከፋብሪካ ፍጥነቱ በላይ በሚያስሮጡ፣ ኦቨርክሎክ በሚያደርጉ ሰዎች ዘንድ እንደ ዶግማ የጸናች ናት። ውሃ ያቀዘቅዛል፤ ብዙ ውሃ ብዙ ያቀዘቅዛል፤ ውድ ብሎክ፣ ውሃው የፕሮሰሰሩን ሙቀት የሚረከብበትን ብረት፣ የገዛማ ድኗል። ስለዚህ ዕቃ ሲመርጡ ገንዘባቸውን ዓይን በሚያየው ነገር ላይ ያፈሱታል። ብሎኩ የማን ሥራ ነው? ቱቦው ጠንካራ ነው ወይስ ለስላሳ? ፈሳሹ ምን ዓይነት ቀለም ይኑረው? ራዲያተሩና ፋኖቹ ግን ኬዙ ውስጥ በተረፈው ቦታ፣ ኪስ ውስጥ በተረፈው ብር ይገባሉ።

እኔ የምለው ይህ ምርጫ ከራስ እስከ እግሩ የተገለበጠ ነው። ውሃ አያቀዘቅዝም፤ ይሸከማል እንጂ።

የውሃ ወገኖች በእጃቸው ቁጥር አለ፤ ቁጥሩም እውነት ነው። አንድ ሊትር ውሃ በአንድ ዲግሪ ሲሞቅ የሚይዘው ሙቀት፣ አንድ ሊትር አየር ከሚይዘው ወደ 3,500 እጥፍ ይበልጣል። ይህን ሰምቶ ለውሃ የማይሰግድ የለም። ነገር ግን ቁጥሩ የሚናገረው ስለ ሸክም ነው። መርካቶን አስቡ። ዕቃ የጫነ መኪና አለ፣ የሚያወርድ ኩሊ አለ፣ ዕቃው የሚገባበት መጋዘን አለ። ኩሊው ጉልበተኛ ቢሆን ደስ ይላል። የመኪናው በር በጠባቡ ቢከፈትና መጋዘኑ እስከ ጣሪያው ቢሞላ ግን፣ ያንን ኩሊ በሌላ ጎረምሳ ብትተኩት ለውጡ ምንድን ነው? ሸክሙን ይዞ በር ላይ የሚቆመው ሰው ጡንቻው ይፈረጥማል፤ ሌላ ትርፍ የለውም።

ሒሳቡ ይኸውና። አንድ ደህና ፓምፕ ብሎኩንና ራዲያተሩን አልፎ በደቂቃ አራት ሊትር ያህል ያዞራል እንበል። አራት ሊትር በደቂቃ ማለት ውሃው በአንድ ዲግሪ በሞቀ ቁጥር 280 ዋት ይዞ ይሄዳል ማለት ነው። ፕሮሰሰሩ 300 ዋት ቢተፋ፣ ወደ ብሎኩ በገባውና ከብሎኩ በወጣው ውሃ መካከል ያለው ልዩነት ከአንድ ዲግሪ ብዙም አይዘልም። ፓምፑ ደክሞት ወደ አንድ ሊትር ቢወርድ እንኳ ልዩነቱ አራት ዲግሪ ገደማ ነው። እንግዲህ "ራዲያተሩ ከብሎኩ በፊት ይምጣ ወይስ በኋላ?" እየተባለ እስከ እኩለ ሌሊት የሚካሄደው ክርክር ሁሉ ዋጋው ይህች አንዲት ዲግሪ ናት። ከቅደም ተከተሉ ውስጥ በእውነት የሚያስጨንቀው አንድ ብቻ ነው፤ የውሃ ማጠራቀሚያው ከፓምፑ በፊትና ከፍ ብሎ ይቀመጥ፣ ፓምፑ ደረቅ አየር እየዋጠ እንዳይቃጠል።

ስህተቱ የሚጀምረው ከእንስራ ይመስለኛል። በእንስራ ያደረ ውሃ ቀዝቃዛ ነው፤ ከክፍሉ አየር ይልቅ ይቀዘቅዛል፤ ይህን ሁላችንም በአፋችን እናውቀዋለን። ታዲያ "ውሃ" ሲባል ብርድ የሚታየን ለዚያ ነው። እንስራው ግን የሚቀዘቅዘው በላቡ ነው። ሸክላው ውሃውን ያዣል፣ ያዣው ይተናል፣ ሲተን ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል። በኮምፒውተር ቱቦ ውስጥ የታሰረው ውሃ ላብ የለውም። የሚተንበት ቀዳዳ የለም፤ ካለም መርዶ ነው። ስለዚህ የቱንም ያህል ብታወጡበት ከክፍላችሁ አየር በታች አይወርድም፤ ሥራ ላይ እያለማ ሁልጊዜ ከአየሩ ይሞቃል። ሙቀቱን በመጨረሻ የሚረከበው ያው አየሩ ነው። ውሃ አስገባሁ ያለ ሰው ከአየር አልተገላገለም፤ አየሩ የሚገናኝበትን ቦታ ከፕሮሰሰሩ ጀርባ ወደ ኬዙ ጣሪያ አዛወረው እንጂ።

መጋዘኑ ይህ ነው፤ ራዲያተሩና ፋኑ። እዚህ ላይ ደግሞ እኛ አዲስ አበቤዎች የራሳችን ዕዳ አለብን። ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,350 ሜትር ላይ ተቀምጠናል። አየራችን ስስ ነው፤ በእኩል ሙቀት ቢለካ ከባሕር ዳርቻ አየር ወደ ሩብ የሚጠጋ ክብደት ይጎድለዋል። ፋን ደግሞ የሚገፋው ይዘትን ነው፤ ሙቀት የሚሸከመው ግን ክብደት ነው። ሦስት ባለ 120 ሚሊ ሜትር ፋኖች በድምሩ በሰዓት 180 ሜትር ኩብ አየር በራዲያተር ውስጥ ቢያሳልፉና 300 ዋት ቢሰጣቸው፣ ባሕር ዳርቻ ላይ ያ አየር አምስት ዲግሪ ሞቆ ይወጣል። እዚህ ያው ፋን፣ ያው ራዲያተር፣ ከስድስት ዲግሪ ተኩል በላይ ያሞቀዋል። ውጭ አገር ተለክቶ የታተመ የሙቀት ሠንጠረዥ ይዞ ሸመታ የሚወጣ ወዳጄ ይህችን ልብ ይበል። ጥሩው ነገር፣ ያ ሠንጠረዥ የተሠራበት ክፍል ውስጥ እንደኛ ሰኔ ብርድ የለም።

ወደ ልጁ ኮምፒውተር ልመለስ። ራዲያተሩ ባለ ሁለት ፋን ነበር፤ 240 የሚሉት። ቀጭን ነው፣ የተሠራው ከአሉሚኒየም ነው፣ ኬዙ ጣሪያ ሥር ተለጥፏል። ከበላዩ ያለው ክፍተት ጣት አያስገባም። ፋኖቹ እየጮሁ ይሽከረከራሉ፤ እጄን ብዘረጋ የሚወጣ አየር የለም ማለት ይቀላል። በሰዓት 60 ሜትር ኩብ አየር አልፏል ብዬ ብቸረው እንኳ፣ ያው 300 ዋት በኛ አየር ሲሰላ የሚወጣው ከሚገባው በ20 ዲግሪ መሞቅ አለበት። ውሃው ደግሞ ከሚወጣው አየር የበለጠ ካልሞቀ ሙቀቱን አያስረክብም። እንግዲህ 22 ዲግሪ በሆነ ክፍል ውስጥ ሰማያዊው ውሃ ከ40 በላይ ወጥቶ ተቀምጧል ማለት ነው። ብሎኩ የዓለም ምርጥ ቢሆን ምን ይሠራል? ሙቅ ውሃ ነው የሚመጣለት። የሚገርመው፣ በብሎኩ፣ በመብራቱና በቱቦዎቹ ላይ የወጣው ገንዘብ በራዲያተሩ ላይ ከወጣው ሦስት እጥፍ ነበር። የሸጠለት ሰው የት እንዳለ አልጠየቅሁም፤ እሱም የሚያምነውን ነው የሸጠው።

ይህንን ለጋራዥ ሰው ብትነግሩት ይስቃል። መኪና ሲግል መካኒክ መጀመሪያ የሚያየው ምንድን ነው? የራዲያተሩ ስስ የብረት ቅጠሎች በጭቃ ተደፍነው እንደሆነ፣ ፋኑ ይዞር እንደሆነ። የሲሊንደሩን ክዳን በኒኬል ላስለብጥልህ አይልም። (ሹፌሮች ቀዩ ኩላንት ይሻላል አረንጓዴው ሲከራከሩ ሰምቻለሁ፤ ቀለም የማያሳስተው ሙያ የለም።)

ስለዚህ ለውሃ የቆረጠ ሰው ገበያውን ከመጨረሻው ይጀምር። ኬዙን ሲገዛ ባለ ሦስት ፋኑን 360 ራዲያተር የሚይዝ፣ ፊቱ በመስታወት ሳይሆን በወንፊት የተሸፈነ ይምረጥ። ከውፍረት ይልቅ ስፋት ይበልጣል፤ ወፍራም ራዲያተር አየሩን ለመግፋት ኃይለኛ ፋን ይጠይቃል፣ ኃይለኛ ፋን ደግሞ ይጮኻል። ሰፊ ራዲያተር ላይ ቀስ ብለው የሚዞሩ ፋኖች ያንኑ ሥራ በዝምታ ይሠራሉ። ቦታና ብር ካለው ሌላ ራዲያተር ይጨምር። ፓምፑ ላይ አይቆጥብ፤ የጀርመኑ ላይንግ ኩባንያ ያመነጨው ዲ5 የሚባለው ፓምፕ ዓመታት ያለፉት በጉልበቱ ብቻ ሳይሆን በጽናቱ ነው። ከዚያ የተረፈው ብር ለብሎክ ይሁን። በደህና ብሎኮች መካከል ያለው ልዩነት ጥቂት ዲግሪ ነው፤ ቱቦው ለስላሳ ቢሆን ሙቀቱ አያውቀውም።

"ይሁን፤ ራዲያተሬ ሰፊ ነው፣ ፋኔ ጥሩ ነው፣ አሁንስ?" የሚል ይመጣል። አሁን ደግሞ የመኪናው በር ይቀራል።

የኤኤምዲ ራይዘን 9 7950ኤክስ እ.ኤ.አ. በ2022 ሲወጣ እስከ 230 ዋት እንዲወስድ ተፈቅዶለት ነው። ሙቀቱ በአብዛኛው የሚወጣው እያንዳንዳቸው 71 ካሬ ሚሊ ሜትር ከሚሆኑ ሁለት የሲሊኮን ቁራጮች ነው፤ ከትንሹ ጣት ጥፍር ብዙም አይበልጡም። ሙቀቱ ከዚያች ጥፍር ተነስቶ ብሎኩ ጋ እስኪደርስ ሲሊኮኑን፣ የተበየደበትን ብረት፣ የመዳብ ክዳኑን፣ የቀባችሁትን ቴርማል ፔስት ማቋረጥ አለበት። የሙቀቱ ትልቅ ግፊያ እዚህ ነው፤ ውሃው ገና አልመጣም። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2012 አይቪ ብሪጅ በሚባለው ትውልድ ከክዳኑ ሥር ያለውን ብየዳ በፔስት ሲተካው፣ ኦቨርክሎክ አድራጊዎች ክዳኑን በምላጭ እስከ መፈንቀል የደረሱት ይህን ስላወቁ ነው። ያን ጊዜ ችግሩ ውሃ እንዳልሆነ ገብቷቸው ነበር፤ እንዴት እንደተረሳ እንጃ።

አሁን ግራፊክስ ካርድን ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው የኤንቪዲያ አርቲኤክስ 4090 450 ዋት ይበላል፤ ቺፑ ግን ከ600 ካሬ ሚሊ ሜትር በላይ ስፋት አለው፣ ክዳንም የለበትም፣ ብሎኩ ራቁቱን ቺፕ ይነካል። በእያንዳንዷ ካሬ ሚሊ ሜትር ላይ የሚወድቀው ሙቀት ከፕሮሰሰሩ ግማሽ ያህል ነው። በሩ ሰፊ ነውና እዚህ ኩሊው ሥራ አለው። ውሃ በእርግጥ ልዩነት የሚያመጣው ከሁሉ በፊት በግራፊክስ ካርድ ላይ ነው። ሕዝቡ ግን ብሎክ የሚገዛው ለፕሮሰሰሩ ነው፤ ካርዱን በፋኖቹ ይተወዋል። እንዲህ ያለ ግልባጭ ሳይ፣ ምርጫው በሒሳብ ሳይሆን በልማድ እንደሚሄድ እረዳለሁ።

ከልማዱ ሁሉ ሥር ያለው ደግሞ ኦቨርክሎክ ራሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 ኢንቴል ሴለሮን 300ኤ የሚባል ርካሽ ፕሮሰሰር አወጣ። የማዘርቦርዱን ፍጥነት ከ66 ወደ 100 ሜጋኸርዝ ያዞረ ሰው 300 ሜጋኸርዙን ፕሮሰሰር 450 ያደርገው ነበር፤ ግማሽ ያህል ትርፍ፣ ብዙ ጊዜ በተራ ማቀዝቀዣ። ያ ዘመን እውነተኛ ነበር፤ ፋብሪካው ገንዘብ መሬት ላይ ጥሎ ይሄድ ነበር፣ ያነሳ አነሳ። ዛሬ ፋብሪካው ራሱ አጎንብሶ የመጨረሻዋን ሳንቲም ለቅሞታል። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው ኮር አይ9 14900ኬ ከሳጥኑ ሲወጣ 6 ጊጋኸርዝ ይነካል። የኤኤምዲው 7950ኤክስ ደግሞ ሥራ ሲበዛበት 95 ዲግሪ እስኪደርስ ሆን ብሎ እንዲሮጥ የተሠራ ነው። ትልቅ ራዲያተር ስትሰጡት አመሰግናለሁ ብሎ አይቀዘቅዝም፤ ጥቂት ሜጋኸርዝ ጨምሮ እዚያው 95 ላይ ይቀመጣል። ሰውየው መለኪያውን አይቶ "ብሎኩ ደካማ ነው" ብሎ ሌላ ብሎክ ያዛል።

የቀረችውን ለመጭመቅ የሚከፈለው ዋጋ ደግሞ አይመጣጠንም። የቺፕ ሙቀት ከፍጥነቱ ጋር ብቻ አይደለም የሚያድገው፤ ከቮልቱ ጋር ደግሞ በካሬ ያድጋል። ከ5.0 ወደ 5.3 ጊጋኸርዝ ለመውጣት ቮልቱን ከ1.2 ወደ 1.35 ያነሳ ሰው ያገኘው ፍጥነት ስድስት በመቶ ነው፤ የጨመረው ሙቀት 34 በመቶ። ለዚህች ስድስት በመቶ ነው ፓምፑ፣ ራዲያተሩ፣ ሰማያዊው ውሃ። ቮልት ደግሞ ከሙቀቱ ሌላ በራሱም ጉዳት አለው። የኢንቴል 13ኛና 14ኛ ትውልድ ፕሮሰሰሮች መበላሸት እ.ኤ.አ. በ2024 ሲያነጋግር ኩባንያው ከመጠን ያለፈ ቮልት መሆኑን አምኖ ማስተካከያ ሶፍትዌር ለቀቀ፣ ዋስትናውንም በሁለት ዓመት አራዘመ። የተሻለ ብሎክ የገዛ ሰው ከዚያ ጣጣ አልዳነም።

እዚህ ላይ ሊነሳብኝ የሚችለውን አውቃለሁ። "የዓለም ሪከርድ ሰባሪዎቹስ?" እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ የኢንቴሉን ኮር አይ9 13900ኬ ከ9 ጊጋኸርዝ ያሻገሩት በፈሳሽ ሂሊየም ነው፤ ከዜሮ በታች 269 ዲግሪ ላይ በሚፈላ ነገር። ያ ስፖርት ነው፤ አከብረዋለሁ። ለሰርግ ቪዲዮ ግን አይሆንም። ሌላው ተቃውሞ ከበድ ይላል፤ ውሃ ፀጥታ ይሰጣል ይላሉ፣ ሙቀቱን ቦታ ወዳለበት ወስዶ ያወጣል። እውነት ነው። ይህ ራሱ ግን እኔ የምለው ነው፤ ውሃ የሚጠቅመው ሰፊ መጋዘን ጋ ሲያደርስ ነው። ባለ 240ው ራዲያተር ጣሪያ ሥር ታፍኖ ከሚጮኽበት ኮምፒውተር ፀጥታ የጠበቀ የዋህ ነው።

ደግሞም "አየር" ተብሎ የሚናቀው ማቀዝቀዣ ውስጥ ውሃ አለ። ጥሩ የአየር ማቀዝቀዣ፣ ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው የኦስትሪያው ኖክቱዋ ኤንኤች-ዲ15፣ ስድስት የመዳብ ቱቦዎች አሉት። በእያንዳንዱ ቱቦ ውስጥ አየሩ ተመጥጦ ጥቂት ፈሳሽ ይታሸጋል፤ ብዙውን ጊዜ ውሃ ነው። ግፊቱ ዝቅተኛ ስለሆነ ውሃው በለብታ ሙቀት ይተናል፤ አዲስ አበባ ላይ ድስት መቶ ሳይደርስ 92 ዲግሪ ገደማ እንደሚፈላው፣ ግን እጅግ ባሰ። እንፋሎቱ ቀዝቃዛው ጫፍ ላይ እንደ ድስት ክዳን ጠብታ ይሠራና ወደ ሙቁ ጫፍ ይመለሳል። ፓምፕ የለው፣ ቱቦ አይላላ፣ የሚያፈስ ነገር የለው። ያ እንስራ የነበረው ትነት በኮምፒውተር ውስጥ ካለ እዚህ ነው ያለው፤ ባለ ሰማያዊው ቱቦ ውስጥ አይደለም።

ስለ ፈሳሹና ስለ ብረቱ ብዙ አልልም፤ ጠብ የሚያስነሳ ነገር የለበትም፣ ሰው ግን ይስተዋል። መዳብና አሉሚኒየም በአንድ ውሃ ውስጥ ሲገናኙ አሉሚኒየሙ ይበላል። የልጁ ብሎክ መዳብ፣ ራዲያተሩ አሉሚኒየም ነበር። ብሎኩን ስፈታው በቀጫጭኖቹ ቦዮች መካከል ቀለሙና ዝገቱ ተጋግሮ እንደ ቡና አተላ ተቀምጧል። ንጹህ ዲስቲልድ ውሃ፣ ዝገት መከላከያና አልጌ መግደያ ተጨምሮበት፣ ከማንኛውም ቀለም ይበልጣል። የባትሪ ቤት ውሃ የሚገዛ ግን አሲድ እንዳልተቀላቀለበት ሳያረጋግጥ ጠብታ እንዳያስገባ። ሌላው የኛ አገር ነገር መለዋወጫ ነው፤ ፋን ቢቃጠል ነገ ጠዋት ይገኛል፣ ፓምፕ ቢቃጠል ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ይፈለጋል፣ ዘመዱ ደግሞ ለፋሲካ ነው የሚመጣው።

ከልጁ ጋር ሁለት ቀን ተሟገትን። "ጋሼ፣ ለዚህ ነገር ያወጣሁት ብርስ?" ይላል። ብሩ ወጥቷል፤ ኬዙ 360 አይይዝ፣ አዲስ ኬዝ የመግዣ አቅም የለው። በመጨረሻ ከዱባይ ለእረፍት የመጣች እህቱ ባለ ሁለት ግንብ የአየር ማቀዝቀዣ በሻንጣዋ አመጣችለት። ቱቦውን አወጣን፣ ቮልቱን መልሼ ዝቅ አደረግሁት፣ የፊት መስታወቱን ፈትቼ በወንፊት ለወጥኩት። ያው የሰርግ ቪዲዮ ሲሠራበት ከ80ዎቹ መጀመሪያ አልዘለለም፤ ሥራውም ከድሮው ቀድሞ አለቀ፣ ድሮ መቶ ዲግሪ እየገባ ራሱን ያንቀራፍፍ ስለነበረ።

በሦስተኛው ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ደወለልኝ። "ጋሼ፣ ፋኑ አይሰማም፤ ቆሞ ይሆን?"

"እጅህን ከጀርባው አድርገህ እየው" አልኩት።

ትንሽ ዝም አለ። "ሞቅ ያለ አየር ይወጣል።"

"በቃ ተኛ" አልኩት።